መቶ ሲሲ ለባሌ አይበቃውም

ሞተራችን ተፈቀደች! የኢልያስ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይታደሳል፤ ባሌ የትም አይሄድም። ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አላጣሁትም፤ ግን ወረቀቱ ትናንት እጃችን ከገባ ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ከሰላምታ በፊት ይህንኑ ስነግር ስለዋልኩ ክቡርነትዎን ከሰው ለይቼ ማየት አልሆነልኝም።

አሁን ወደ ወጉ ልግባ።

በሪያድ ከተማ ምግብ የሚያደርሱ ሞተሮችን አቅም ለሚወስነው ክፍል የተከበሩ ኃላፊ፤

ከዜናው ቀጥሎ ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ወገብዎንስ እንዴት አደረገዎት? የወገቡን ነገር የማያውቁ አንባቢዎች እስከ ታች ይታገሱኝ። እኔ መንሱራ ሰፈር የምኖር፣ መላዝ ሰፈር አንድ ቤት በተመላላሽነት የምሠራ፣ የሞተረኛው የኢልያስ ባለቤት ሰሚሃ ነኝ። በአማርኛ የጻፍኩት በአረብኛ መጨቃጨቅ እንጂ መጻፍ ስለማይሆንልኝ ነው። ቢሮዎ በር ላይ የሚያስተረጉመው መርዋን ሊያነብልዎ ቃል ገብቶልኛል፤ «እህቴ፣ ጠንከር ያለውን እያለሳለስኩ ነው የማነበው» ስላለኝ፣ የሚሰሙት ሁሉ ከጻፍኩት የለዘበ መሆኑን ይወቁልኝ።

ክፍልዎ ከረመዳን ማግስት፣ የውጭ አገር ሰው ምግብ የሚያደርስበት ሞተር ከመቶ ሲሲ እንዳይበልጥ አዘዘ። የባሌ ሞተር መቶ ሃምሳ ናት። ቅሬታዬን እንደ ተማረ ሰው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለሕይወታችን ስላሰቡልን እጅግ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው «ትንሽ ሞተር ዝግ ይላል፤ ዝግ ያለ ሰው ከአደጋ ይድናል» ይላል። ይህን የጻፈው ሰው፣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከኋላው መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገበት በመቶ ሲሲ ቀለበት መንገድ ላይ ሄዶ እንደማያውቅ ጽሑፉ ራሱ ያስታውቃል። እዚያ ሁሉም ሰው መቶ ሃያ ሲነዳ አንድ ሰው ብቻ ስልሳ ከነዳ፣ ያን ሰው ጥንቁቅ የሚለው የለም፤ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ሾፌርም የሚያየው ከወጣበት በኋላ ነው። ባሌ ጉልበት ያላት ሞተር የፈለገው ለመብረር አይደለም፤ ከመኪና ፊት ዞር ለማለት ነው። የእርስዎ መኪና ስንት ሲሊንደር እንደሆነ አልጠይቅም፤ ሲነሳ ከመንገድ ማዶ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ሞተሩን ለካ እንጂ ሰውየውን አልለካም። ኢልያስ አልሃምዱሊላህ መቶ አስራ ስምንት ኪሎ ነው። ከወሎ ሲመጣ እንዲህ አልነበረም፤ ለዚህ ያበቃው የሪያድ ሩዝና የእኔ እጅ ነውና በዚህ ክፍልዎን አልወቅስም። በላዩ ላይ የምግቡ ሳጥን አለ። ጓደኛው ሳዳም ደግሞ ከነጫማው ሃምሳ ስድስት ኪሎ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ የመንገድ መብራት ምሰሶ ይዞ ነው የሚቆመው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሞተር ማዘዝ ለሁለቱ አንድ ሱሪ እንደ መስፋት ነው። እሺ፣ ይሁን ብንል እንኳ የማን ወገብ ተለክቶ እንደተሰፋ ይነገረን።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ሳቄን ትንሽ አቆማለሁ። ኢልያስ እዚህ አገር የሚኖረው በሞተረኛነት ነው፤ ኢቃማው ላይ የተጻፈው ሙያው እሱ ነው። ሞተሯ ካልታደሰች ሙያ የለውም፤ ሙያ ከሌለው የምግብ ቤቱ ጌታና ካፊሉ፣ ማለትም እዚህ አገር ዋሱ፣ አቡ ሱልጣን የቱንም ያህል ቢወደው ኢቃማውን ሊያድስለት አይችልም፤ ኢቃማ የሌለው ሰው ደግሞ ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጥቶ ከተርሂል፣ ከአገር አስወጪዎቹ እስር ቤት፣ ይደውላል። ትንሿን ይንዳ እንዳይሉኝ፣ ተውሶ ሞክሯል። ምግቡ እየዘገየ ደንበኛ ሲመልሰው ሁለት ሳምንት የታገሠው አቡ ሱልጣን «ያ ኢልያስ፣ ወይ ሞተር ቀይር፣ ወይ ሰውነት ቀይር፣ ኸላስ» አለው። ክቡር ሆይ፣ በትዳር አስር ዓመት ኖረናል። ስድስቱን ዓመት እኔ ሰው ቤት አዳሪ ሆኜ፣ በዚሁ ከተማ እየኖርን የምንገናኘው በስልክ ነበር። አንድ ቤት ከገባን ገና አራት ዓመታችን ነው። አማቴ እኛን ለማለያየት ያልደከሙት ድካም የለም፤ እሳቸው ያቃታቸውን ሃምሳ ሲሲ ሊያደርገው ነበር።

አራተኛ፣ የሰኔ ፀሐይ አለ። ትንሿ ሞተር ኢልያስን ተሸክማ በአርባ ሰባት ዲግሪ ስትሄድ ከሾርባው ቀድማ ትፈላለች።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ግን ወደ ወገብዎ ልምጣ።

አቡ ሱልጣን አቤቱታ ባስገባ ጊዜ ክቡርነትዎ ወረቀቱን ሳያዩ መጣል ሲችሉ፣ በራስዎ ዓይን ሊያዩ ወጡ፤ ይህን የሚያደርግ አለቃ ጥቂት ነው፣ ይህን ያለ አሽሙር ነው የምለው። «በዚህች ሞተር ሪያድን ሙሉ መዞር ይቻላል» ብለው መቶ ሲሲዋን አስቀረቡ። እኔም መዳሜን አስፈቅጄ መጥቼ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ኢልያስ ተቀመጠባት፤ ኋላው ላይ ለመላዝ ደንበኛ የታዘዘ ሁለት ትሪ ሩዝ በሥጋ ተጫነ፤ እርስዎም በመኪናዎ ከኋላ ተከተሉት። ከመሬት በታች የሚያልፈውን መንገድ ሲወርድ መልካም ነበር፤ ቁልቁለት ላይማ ሳጥኑ ብቻውንም ይሄዳል። አቀበቱን ሲጀምር ግን ሞተሯ ማልቀስ ጀመረች፣ ቀጥሎ ዝም አለች፣ ቀጥሎም በክብር ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ኢልያስ ሁለት እግሩን እንደ መልሕቅ ጥሎ «ሰሚዬ፣ ወደ መኪናው ልወርድ ነው» ሲል እላይ አፋፉ ላይ ወደቆምኩበት ድረስ ተሰማኝ። ከኋላችሁ የተሰለፈው መኪና ጥሩምባ አገር አናወጠ፤ አንዱ ሾፌር ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ያ ሸይኽ፣ ወርደህ ግፋው፣ ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው» አለዎት። እርስዎም ከነነጭ ቀሚስዎ ወርደው ገፉ። ያላ፣ ያላ እያሉ ገፉ፤ አቀበቱ ጫፍ ላይም ወገብዎን ይዘው ቀሩ። አላህ ጉልበትዎን ይባርክልን፤ ያን ቀን ሞተሯን አቀበት ያወጣት ሕጉ ሳይሆን የእርስዎ ትከሻ ነው።

ትናንት የመጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «በነጂው ክብደት ምክንያት፣ ለእሱ ብቻ፣ ለአንድ ዓመት ተፈቅዷል።» እግርዎ ሥር ወድቄ አመሰግናለሁ። ዳሩ ግን ሕጉ ለሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ «በክብደት ምክንያት» የሚለው ወሬም በአንድ ቀን መንሱራን አዳረሰ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሞተረኛው ሁሉ እራት እየደገመ ነው። ሳዳም ቁርሱን ሦስት ሳህን ፉል በልቶ ሚዛን ላይ ወጣና «እህቴ ሰሚሃ፣ መቶ ኪሎ ለመግባት ስንት ወር ይፈጅብኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ኢቃማው የሚያበቃው በሁለት ወር ነው። እሱም ቀለበት መንገድ ላይ ይነዳል፤ መኪናው ከኋላ ሲመጣ ቀጭን ነው ብሎ አያልፈውም። ስለዚህ ወገብዎ ከማያገግምበት ደረጃ ሳይደርስ፣ የእያንዳንዱን ሰው አቀበት በየተራ ከሚገፉ፣ ሕጉን አንዴ ቢያነሡት ለሁላችንም ይቀላል እላለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ለዘመድ እንኳ አቤት ብላ የማታውቅ፣ ለእርስዎ ግን አራት ቅሬታ በንጹሕ ወረቀት የገለበጠች፣ የመቶ አስራ ስምንት ኪሎ ባል ኩሩ ባለቤት፣

ሰሚሃ፣ ከመንሱራ

ማስታወሻ፦ ስለ ደስታችን በግ እናርዳለን። ወንድሞቼም እህቶቼም፣ ሞተር ያለውም የሌለውም፣ ቤታችን ይምጣልን። ክቡርነትዎም እንዳይቀሩብን። መኪናዎን ግን እዚያው ይተዉትና በሚያምኑባት በመቶ ሲሲዋ ይምጡ፤ ሁለት ትሪ ሩዝም ከኋላ ይጫኑ። ድግሱ የፊታችን ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው፤ እርስዎ ከረቡዕ ይነሡ።