በገዛ ቤታቸው ሌባ የተባሉት ቁልፍ ሠሪ

ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከአናጺ አባታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳውን ወርቅ ታስመስለዋለች። በልጅነታቸው ሐሳብ ጭልጥ አድርጎ ይወስዳቸው ስለነበር፣ እናታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው «አንተ ልጅ፣ የት ሄድክ?» እያሉ ይፈልጓቸው ነበር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. አንድ አዛውንት ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ሥራ ገብተው ዓይን ጨፍኖ በጣት ማየትን ተማሩ። በ1970 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሲሞርዱ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ ደንበኛው የተኙ ይመስለዋል፤ ሰፈርተኛውም «እንቅልፍና ቁልፍ» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። በ1974 ዓ.ም. ከነርስ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

በ2001 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ የተወለዱበት ቤት ለወራሾች ሳይከፈል ቀረ። ታናሽ ወንድማቸው «እማዬ ለእኔ ብላለች» ብሎ ገባበትና በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ አስገጠመ። ይህን ታሪክ የጻፈውም ዛሬ በቀብራቸው ላይ የሚያነብላችሁም ያው ታናሽ ወንድም ነው። ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ ያለባብስለት ነበር።

በዓመቱ በዚያ ደጅ ሲያልፉ ቁልፉ ተጣሞ መገጠሙን አዩ። እሳቸው ደግሞ የተጣመመ ቁልፍ አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። ፈትተው፣ ዘይት ቀብተው፣ አስተካክለው መለሱት። ሊሞክሩት ሲከፍቱ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ አርፋለች። ገብተው እናታቸው ይሰፉበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። ወንድማቸው ከሥራ ሲመለስ እንደተኙ አገኛቸው። «ሌባ!» ብሎ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው፤ ፖሊስም ጠራ። የሰው ቤት ሰብረው ገብተዋል፣ ንብረት አበላሽተዋል ተብለው በወንጀል ተከሰሱ።

ቢፈረድባቸው የሥራ ፈቃዳቸው ይነጠቃል። ቤት ሰብሯል የተባለን ቁልፍ ሠሪ ማን በሩን ያስነካዋል? ወዳጆቻቸው «አምነህ ቅጣት ይቅለልህ» ቢሏቸው «በገዛ ቤቴ?» ብለው እምቢ አሉ። ቤቱ ያልተከፈለ ውርስ ስለሆነ፣ የማን እንደሆነ በፍትሐ ብሔር ይታይ እንጂ ወንጀል ሊባል አይገባም ሲሉ ክሱን ተቃወሙ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም፤ ይግባኝ አሉ። ሦስት ዓመት ተመላለሱ። አግዳሚው ላይ ያንቀላፉ ነበር፤ ስማቸው ሲጠራ ጠበቃቸው በክርን ጎሸም ያደርጓቸው ነበር። በ2005 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ችሎት የወንድማማቾች የውርስ ክርክር በወንጀል ክስ አይፈታም ብሎ ክሱን ሰረዘ። ቤቱም በሽማግሌ ለሁለት ተከፈለ።

ወንድማማቾቹ ሰላምታ ቢጀምሩም «ሌባ» የምትል አንዲት ቃል በመሃላቸው ቀረች። ፍርድ ቤት ክስ መሰረዝ ይችላል፤ ከወንድም አፍ የወጣውን ግን በምን ይሰርዘዋል? እሳቸው የጠየቁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እየሞረዱ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ሰው ፊት ነው ያልከኝ፤ ሰው ፊት አንሳልኝ» አሉት። እሺ አለ። ነገ ዛሬ ሲል አሥራ አንድ ዓመት ሄደ። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በ70 ዓመታቸው አረፉ። በዋዜማው ወንድማቸው አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኮ ቃሉን አነሳ፤ እሳቸው ግን ፈገግ እንዳሉ ተኝተው ነበር። ይስሙ አይስሙ አሁንም አያውቅም። ደግሞም ሰው ፊት አልነበረም።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ከሳሻቸው የነበረው ወንድማቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ጋሼ፣ ይኸው ሰው ሁሉ ቆሟል። ሌባ አልነበሩም፤ ዋሽቼ ነው። የምሕረት አምላክ ለእርስዎ ዕረፍቱን፣ ለእኔ ይቅርታውን ይስጥ።