ከመቅደስ ጋር ያየሁት ሻምፒዮና

ረቡዕ፣ ነሐሴ 17። ከሰዓት

ዝናብ። መብራት ግን አለ፣ ተመስገን። እማዬ ከአሁኑ ሶፋው ላይ ቦታዋን ይዛለች፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጥላ። ማጣሪያም ፍጻሜም ለእሷ አንድ ነው። የእኛ ማልያ ከታያት ትጸልያለች። ሲያሸንፉም ታለቅሳለች፣ ሲሸነፉም።

እረፍቴ እያለቀ ነው። ሰኞ መ/ቤት። ሳስበው ከአሁኑ ይደክመኛል።

መቅዲ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። ቢሯችን ካለበት ከሜክሲኮ እስከ እኛ ጎተራ ቅርብ ነው። የእሷ ቤት ነው ሩቁ። ካዛንቺስ ሰፈራችን ሲፈርስ ምትክ የተሰጣት ከተማው ዳር ነው። ሩጫው ካመሸ እዚሁ ታድራለች። እረፍትሽን በሻምፒዮናው ሳምንት አድርጊው ያለችኝም እሷው ናት፤ እንደ ልጅነታችን አብረን እናያለን ብላ። ያኔ ግቢው ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። እኔና እሷ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለን ነበር የምናየው፣ አንዳችን የሌላዋን ወገብ ይዘን።

እሁድ ማራቶን ነው። እማዬ ዶሮ እሠራለሁ ብላለች። ለእኔ እንዳይመስልህ ደብተሬ፤ ለመቅዲ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 18። ጠዋት

ትናንት ማታ አሥር ሺህ። ወርቅ! የመጨረሻው ዙር ላይ መቅዲ ተነስታ ቆመች፣ ከዛ እማዬን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት። ከታች ፎቅ እልልታ ይሰማል። ጎረቤት ሁሉ አንድ ቤት የሆነ ይመስላል።

ስለ ቢሮ ጠየቅኳት። ያው ነው፣ ምንም አዲስ ነገር የለም፣ በቃ አንቺ ዝም ብለሽ እረፊ አለችኝ። ጠዋት ስትወጣ በርዷት የእኔን ሹራብ ለብሳ ሄደች።

እንዲህ ደስ ካለኝ ቆየሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 19። 8 ሰዓት

ቢንያም ደወለ፣ የቢሮ ክፍላችን ልጅ። ሰላምታ እንኳ ሳያበዛ ለምን እንዳልተመዘገብኩ ጠየቀኝ። ለምኑ? ለቡድን መሪነቱ ውድድር። ማስታወቂያው ሰኞ ወጥቶ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ምዝገባው ተዘግቷል።

ያ ቦታ ባዶ ከሆነ ጀምሮ በውክልና የምሠራው እኔ ነኝ። እንደምጠብቀውም ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

ማን ተመዘገበ ብዬ ጠየቅኩት። ገረመው። መቅደስ ናታ፣ አልነገረችሽም እንዴ አለኝ። ከዛ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ረቡዕ ጠዋት ስብሰባ ላይ ዳይሬክተራችን አቶ ግዛቸው ስለ እኔ፣ ሰናይትስ ብለው ጠይቀው ነበር አለ። መቅደስ ነች የመለሰችው። ሰናይት አትፈልግም፣ እናቷ እየደከሙ ስለሆነ ለእሳቸው ጊዜ መስጠት ትፈልጋለች፣ ትታዋለች ብላ።

እማዬን። እማዬን ምክንያት አደረገች።

ረቡዕ ጠዋት ይሄን ብላ ረቡዕ ማታ እዚህ ሶፋ ላይ እማዬን አቅፋ ሳመች።

12 ሰዓት

ደወለች። አላነሳሁም። ቴክስት ላከች፦ ዛሬና ነገ ዘመድ ጥየቃ አለብኝ፣ እሁድ ግን በጠዋት እመጣለሁ፣ ለእማማ ንገሪልኝ። መጨረሻው ላይ ቀይ ልብ።

እማዬ ሩጫው ጀመረ እያለች ትጠራኛለች። ራሴን አሞኛል አልኳት። ውሸት አይደለም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 20

እንቅልፍ የለም። ያለችኝን ሁሉ መልሼ መላልሼ አስባለሁ። እረፍትሽን አሁን ውሰጂ ያለችኝ አውቃ ነው? ማስታወቂያ እንደሚወጣ ሰምታ ነበር? እረፊ ያለችኝስ? ከዛ የድሮውንም መጠርጠር ጀመርኩ። አብረን የሳቅንበትን፣ አባቴ ሲሞት አጠገቤ ያደረችባቸውን ሌሊቶች። ይሄ ነው የከፋው። ያለፈውንም አበላሸችብኝ።

አምስት ሺህ ሁለተኛ ወጣን። እማዬ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እማዬ ለሩጫው መስሏት አይዞሽ፣ ብርም ክብር ነው አለችኝ።

እሁድ፣ ነሐሴ 21። ከሰዓት

መጣች። ዳቦ ይዛ። እማዬ መረቀቻት፣ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ማራቶኑን እያየን እኔ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አላነሳሁም። ሯጮቹ ሠላሳ ኪ.ሜ. ሲያልፉ ወጡን ላማስል ብዬ ኩሽና ገባሁ። ላግዝሽ ብላ ተከተለችኝ።

"ቢንያም ደውሎልኝ ነበር" አልኳት፣ እማዬ እንዳትሰማ ቀስ ብዬ።

ያነሳችውን ጭልፋ አስቀመጠች። አልካደችም። ብትክድ ይሻለኝ ነበር።

ከዛ የሆዷን አንድ በአንድ እያነሳች አወራችኝ። ኮንዶሚኒየም ለእናንተ ወጣላችሁ፣ እኔ ግን ያደግኩበት ግቢ እንኳ የለም። ውክልናውም ለአንቺ ተሰጠ። አቶ ግዛቸው የሚጠሩት አንቺን፣ እኔን የሚያስታውሱኝ አንቺ ስትታመሚ። አንድ የራሴ የምለው ነገር ፈለግኩ አለች። እረፍትሽን ውሰጂ ስልሽ ግን አላውቅም ነበር ብላ ማለች። ላምናት አልቻልኩም። ላለማመንም አልቻልኩም።

"ብትነግሪኝ እኮ እተውልሽ ነበር።"

"ለዛ ነው ያልነገርኩሽ" አለች። "አንቺ የተውሽልኝ እንዲሆን አልፈለግኩም።"

"ታዲያ ትታዋለች ብለሽ ለምን ነገርሻቸው?"

ጭልፋውን መልሳ አነሳች። ወጡ ይንተከተካል። እማዬ ከሳሎን ሊያልቅ ነው፣ ኑ እንጂ እያለች ትጣራለች። ሄድን። ያለው ቦታ አንድ ሶፋ ስለሆነ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማን እንደቀደመ አላየሁም።

ምሳ ቀረበ። እማዬ ደህናውን ብልት ለእሷ አወጣችላት። አንገቷን ደፍታ በላች። ስትወጣ በር ላይ ሰኒ ብላ ቆመች። ደህና ዋዪ ብዬ ዘጋሁት።

ብትነግረኝ በእርግጥ እተውላት ነበር? አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እንጃ። አሁን ግን መቼም አላውቀውም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 22። ጠዋት 1 ሰዓት

ሥራ። ሻምፒዮናውም አለቀ፣ ቤቱ ጭር ብሏል።

ቁርስ ላይ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልነግራትም ብዬ ነበር፤ አፌ አመለጠኝ። ትቆጣለች ወይ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁለቱንም አላደረገችም። እናቷ ደክመዋል አለች? ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣች።

"ሂጂ። እናቴ ደህና ናት በያቸው" አለችኝ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። መጀመሪያ አቶ ግዛቸው ቢሮ ነው የምገባው። ለቦታው ብዬ አይደለም፤ ምዝገባው ተዘግቷል፣ ይክፈቱትም አይክፈቱትም የእነሱ ጉዳይ ነው። አልፈልግም የሚል ቃል ከአፌ እንዳልወጣ ግን እነግራቸዋለሁ። ከመቅደስ ጀርባ አላደርገውም። እሷ ባለችበት ነው የምናገረው።

ስልኬ እየጠራ ነው። መቅደስ። አነሳዋለሁ። የምላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 2፡30 ላይ አቶ ግዛቸው በር ላይ ጠብቂኝ።