የኔ ናት ያሰላችው

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለየኔአለም፣ ባሕር ዳር፤

«የኔ ናት ያሰላችው» አለ ጌቱ።

ይህን ሲል እኔ በአማረ ፀጉር ቤት ነበርሁ። የራሴ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ ተራውን ይጠብቃል። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ከመስታወቱ በላይ ስለሆነ ዜና የምናየው አንገታችንን አቅንተን ነው፤ ምላጭ ለተደገነበት ሰው የሚመከር አይደለም። የስታቲስቲክስ አለቃሽ ጌቱ ሰማያዊ ሱፉን ለብሶ ሥራ አጥነት በሦስት ነጥብ ከምናምን ቀንሷል፣ ኢኮኖሚው አንሰራርቷል አለ። ጋዜጠኛዋ ይህ በምን ታወቀ አለችው። ወደ ግራው ዞር አለና እጁን ወደ አንቺ ዘርግቶ ያቺን ተናገረ። አንቺም ሳቅሽ። ለአራት ሰከንድ ያህል ነው። ቁጥር ስለምትወጂ ነው የምነግርሽ።

አማረ ምላጩን አንሥቶ «ይቺ የእኛ የኔአለም አይደለችም?» አለኝ።

«ናት» አልሁ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው የኔ የሚላት?»

«ስሟን አሳጥሮ ነው።»

«እንጃ» አለ። «እኔ ከሚስቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬ እንዲህ አድርጌ ያሳጠርሁት ነገር የለም።»

ጤናሽን ከሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ያቺ ቃል ቀደመችኝ። እንደምን ሰነበትሽ? ከሐይቁ የሚመጣው ሙቀት ለራስ ምታትሽ እንዴት ሆነ? እኔ ደህና ነኝ። የምጽፈው ስልክ ስለማታነሺ ነው። ለሰው ግን ኔትወርክ የለም እላለሁ፤ በዚህ ዘመን ማንም የማይጠረጥረው ምክንያት እሱ ነው።

እንደምታውቂው ዲማ ቅኔ ቤት አራት ዓመት የከረምሁ ሰው ነኝ። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት ተምሬያለሁ። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ባገላብጣት ወርቅ አጣሁባት። ሰሟ ራሱ በቂ ሆነ። የኔ ናት አለ፣ አለቀ። ስምሽን ለሁለት ሰንጥቆ የኔን ለራሱ ወሰደ፣ አለምን ለእኔ ተወልኝ። ዓለም ደግሞ ዘንድሮ ምን እንደምትመስል የሽንኩርት ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ያውቃታል።

ሰውየው እኮ እኛ ቤት በልቷል። ለመስክ ሥራ መጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ወጥ አስጨምሮ፣ እጁን እየታጠበ «ምናለ፣ አንተ የታደልህ ሰው ነህ» ብሎኛል። ያን ጊዜ ስለ ወጡ መስሎኝ ነበር።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ። ጎመኑ ደህና ነው። ጣራው በወጥ ቤቱ በኩል ያፈስ ነበር፤ ክረምቱ ስላለፈ አሁን አያፈስም፤ በእናንተ ቋንቋ መሻሻል አሳይቷል። ጃንጥላሽ አሁንም ከበሩ ኋላ እንደተንጠለጠለ ነው። በሩን በከፈትሁ ቁጥር ግድግዳውን ትመታለች፣ እኔም ሰው የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ቁጥሩ እንነጋገር። ሌላው ባልና ሚስት በመጠጥ ወይ በመሬት ይለያያል፤ እኛን ያለያየን የሥራ አጥ ቁጥር ነው። ስድስት ወር እንዳልሆነ አድርጌ ስለቆየሁ፣ አንድ ጊዜ እንደነበረ ልጻፈው።

ግንቦት 12 የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። አማረ ነው የጀመረው።

«የኔአለም፣ ልጄ ሂዊ በምሕንድስና ተመርቃ ሹሩባ ትሠራለች። እናንተ ዘንድ ምን ተብላ ነው የምትጻፈው?»

«ምን ታደርጋለች አልህ?»

«ሹሩባ ትሠራለች።»

«እኔም የምጽፈው እሱን ነው» አልሽ። «ትሠራለች።»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። አማረ ራሱ እያሳለ ሳቀ። ድንች ከሮብ ገበያ የሚያመጣው ጎረቤታችን እንዳላማው ደግሞ ቀጠለ።

«ዐረብ አገር ያለችው ልጄስ? እሷማ እንደ በሬ ነው የምትሠራው።»

«እሷ ከሄደች ስድስት ወር ካለፋት ከቤትህ ሰው አትቆጠርም።»

«ልጄ እኮ ናት።»

«ልጅነቷንማ ማን ይወስድብሃል፣ እንዳላማው። ቅጹ የሚጠይቀው ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚያድር ነው።»

አነጋገርሽ ደግነት ስለነበረበት እሱም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ማኅበር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው የሚያስቀው እኔ ነበርሁ። እሠራበት የነበረው የንባብ ቤት ፕሮጀክት «በስኬት ተጠናቋል» ተብሎ ቁልፉን ካስረከብሁ ወዲህ ደግሞ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ደመወዙ ያንቺ፣ ሞያው ያንቺ፣ ያን ቀን ሳቁም ያንቺ ሆነ። ጽዋውን እንደያዝሁ፣ ረጋ ብዬ፣ «ምን ይደረግ፣ የሰው ሚስት ልጅ ትወልዳለች፣ የእኔዋ ቁጥር ትወልዳለች» አልሁ።

ማንም አልሳቀም። አንቺ ዳቦውን ቆርሰሽ ጨረስሽ፤ የእኔንም ድርሻ ሰጠሽኝ፤ ከሌሎቹ አላሳነስሽብኝም። የሐኪም ቤቱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብትናገሪ እኔን ለዘላለም ዝም ታሰኚኝ ነበር። ዳቦ ቆረስሽ። በማግስቱ፣ ለእኔ ብለሽ ሦስት ጊዜ እምቢ ያልሽውን ዝውውር እሺ ብለሽ ሄድሽ።

ይህ ማለት ግን ቁጥራችሁ ልክ ነው ማለት አይደለም። ጌቱ ቀነሰ ካለ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከቤት ወጥቼ እስከ መናኸሪያው ድረስ በየጥጉ የቆሙትን ጎረምሶች አያለሁ። ምናልባት ሥራቸው መቆም ይሆናል፤ ከሆነ ትርፍ ሰዓትም ይሠራሉ። አንቺ ይህን ብትሰሚ «ያየኸው መንገድ ነው፣ እኛ የምንለካው አገር ነው» እንደምትይኝ አውቃለሁ። መልስሽን እኔው እየመለስሁ መከራከሩን ለምጄዋለሁ፤ በእርግጥ አንዳንድ ቀን ታሸንፊያለሽ። እኔ ግን ለማንም የሐሰት ቁጥር ሰጥቼ አላውቅም። የንባብ ቤቱን አንባቢ ብዛት በየወሩ ሰባት ብዬ የላክሁ ሰው ነኝ። ፕሮጀክቱ እንደዚያ በስኬት የተጠናቀቀውም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ደግሞ ቃሉ ራሱ። እናንተ ሥራ አጥ ትላላችሁ፤ እዚህ ሥራ ፈት ነው። ሰው ከሥራው ጋር ተጋብቶ ይፋታል ማለት ነው። እኔ ከሥራ ተፋትቻለሁ፣ አልክድም። ከሌላ ከማንም ጋር ግን ስለመፋታቴ ወረቀት ያመጣልኝ የለም።

ኅዳር 12 ማኅበሩ አማረ ቤት ነበር። ጌቱን በቴሌቪዥን ካየሁ ሁለት ቀኔ ነው። በረታ እንዳትዪኝ፤ ያናገረኝ ያ ሰማያዊ ሱፍ ነው። ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ «ልጅ ያልወለድነው በእኔ ምክንያት ነው» አልሁ። «ሐኪሙ የጻፈው የእኔን ስም ነው።»

እዚያ ማኅበር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ማንም አልሳቀልኝም።

አማረ «እሷ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ታውቅ ነበር።»

«ስንት ዓመት?»

«ዘጠኝ።»

«እንግዲያውስ መሥሪያ ቤቷ ቁጥር ይደብቃል እያልሁ የማማው በከንቱ አይደለም» አለ። «መደበቅ የምትችል ሴት ናት።» ከዚያ በራሱ እጅ ጠላ ቀዳልኝ። እንዳላማው ደግሞ በማግስቱ ደጄ ላይ አንድ ቁና ድንች አስቀምጦ ሄደ። ማጽናኛ መስሎኝ ነበር። ለካ ከሦስት ቀን በፊት ለጻፍሁለት የድንበር አቤቱታ ዋጋ ነው።

ድንቹን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኅዳር 16 ቆጣሪ መጣች። ስሟ ሥራነሽ ነው፤ እኔ አላወጣሁላትም። ታብሌት ይዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጥያቄ ልለፈው፤ ወደ ሥራው እንሂድ።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ለክፍያ ወይም ለጥቅም ቢያንስ አንድ ሰዓት ሠርተዋል?»

«አልሠራሁም።»

«ምንም? ለሰው ማመልከቻ እንኳ አልጻፉም?»

«አቤቱታ ጽፌያለሁ። ለጎረቤት።»

«ስንት ሰዓት ፈጀ?»

«ሰዓት ተኩል። ወንድሙን የረገመበት ከተቆጠረ ሦስት።»

«ከፈለዎት?»

«ድንች ሰጠኝ።»

ታብሌቷን አንድ ጊዜ ነካ አደረገችና ምሥራች እንደሚናገር ሰው ፈገግ አለች። «ሥራ አለዎት፣ ጋሽ ምናለ።»

እንግዲህ ሥራ አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ጌቱ ቀነሰ ሲል ከቀነሱት አንዱ እኔ ነኝ። የእኔን ድንች ይዞ ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባል፣ አንቺም ከጎኑ ሆነሽ ታሰሊያለሽ። ድንቹ ባይኖርስ ብዬ ጠየቅኋት። ያን ጊዜ «ሥራ ፈልገዋል ወይ?» የሚለው ይመጣል አለችኝ። ያልፈለገ ሰው ቢያጣም አጣ አይባልም፤ ከነጭራሹ ከቁጥሩ ውጭ ነው። ይህ አባባል ሲከነክነኝ ሰነበተ። እኔ በእነዚህ ስድስት ወራት አንድ ቀን ባሕር ዳር አልመጣሁም። መንገዱ ተዘግቷል እል ነበር። ሲከፈትም አልመጣሁም።

የጋብቻ ሁኔታ ስትለኝ ምርጫዎቹን አንብባ ሳትጨርስ «ያገባ» አልኋት። «ልጨርስልዎት እንጂ» አለች። አልፈልግም አልሁ።

ልትሄድ ስትነሣ እንደ ዋዛ፣ ያሠለጠነቻችሁ ማን ናት አልኋት።

«የኔ ናት» አለች።

ከበረንዳው ልወድቅ ነበር። «እናንተም እንዲያ ነው የምትሏት?»

«ሁላችንም። ዘበኛውም ሳይቀር። መጀመሪያ የመጣች ቀን ራሷ ናት ‹የኔ› በሉኝ ያለችን።»

«ሙሉውን ለምን አትሏትም?»

«ሙሉውን ስንጠራት ቶሎ አትመልስልንም። ዞር ብላ በሩን ታያለች።»

ይህ ሊያሳርፈኝ ይገባ ነበር። አላሳረፈኝም። ቅናቴ ከአንድ ሰው ተነሥቶ ዘበኛውን ጨምሮ ወደ መላው መሥሪያ ቤት አደገ፤ በእናንተ ሪፖርት ቢጻፍ ዕድገት ይባላል። የበሩን ነገር ግን እስካሁን እያገላበጥሁት ነው። አራት ዓመት ቅኔ ቤት የተቀመጥሁት ለሌላ ለምንም ሳይሆን ለእሷ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ተሳስቼ እንዳልፈታት ፈራሁ።

ሥራነሽ እንደነገረችኝ የምሥራቅ ጎጃም ቅጽ ሁሉ መጨረሻ የሚያርፈው አንቺ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስሕተት ያለበትን የምትለይው፣ የምታርሚው ወይ እንዳለ የምታሳልፊው አንቺ ነሽ አሉ። ጌቱ የሚፈርመው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ብቻ ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ እኔን ከእሱ ቀድመሽ ታያለሽ።

ግንቦት ሚካኤል ተራው ወደ እኛ ቤት ይመለሳል። ዳቦ መድፋቱን ሂዊ እሺ ብላኛለች፤ ይህም ሥራ ተብሎ ይጻፍላት። መቁረሱን ግን አልሰጠኋትም። ጌቱ ያንቺን ስም ካሳጠረ እኔም የራሴን ላስረዝም፦ ምናለ ብትመጪ። ሰሙ ስሜ ነው። ወርቁን አንቺ ታውቂያለሽ።

ሚካኤል በመውጫ በመግቢያሽ ይቁምልሽ፤ የዛሬዋ ጽዮን ከክፉ ወሬና ከክፉ መንገድ ትሠውርሽ። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ነፋስ አለ ይባላልና ነጠላሽን ደረብ አድርጊ። ለዘበኛው ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለጌቱ አታቅርቢ።

ባለቤትሽ
ምናለ

ከዚህ በላይ ያለፍሁት የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚህ ቤት ውስጥ በመደበኛነት የሚኖሩት ስንት ናቸው?» የሚል ነው። ሁለት አልኋት።