ሳንቲሞቻቸውን ያላስበተኑት የወይዘሮ እናትአለም አሰፋ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ እናትአለም አሰፋ ከአባታቸው ከአቶ አሰፋ ንብረት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበቡ ደምሴ ሚያዝያ 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በሞጆ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሞጆ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ እንዳይቀጥሉ ቢወሰንባቸውም ሥራ ፈተው አልተቀመጡም፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብተው በሁለት ዓመት ውስጥ የወንድ ኮት መቁረጥ ቻሉ። በዚያ ዘመን ኮት የሚሰፋው ወንድ ነው ይባል ነበር። እሳቸው ግን «ኮቱ ማን እንደሰፋው አይናገርም» ይሉ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ያስታውሳሉ።

በ1966 ዓ.ም. ከከባድ መኪና ሾፌሩ ከአቶ ሀብተየስ ደበሌ ጋር ተጋብተው ፌኔትንና መልአክን ወለዱ። በ1973 ዓ.ም. የባለቤታቸው ሥራ ወደ ምሥራቅ ሲዞር ቤተሰቡ ካራማራን ተሻግሮ ጅጅጋ ገባ። አቶ ሀብተየስ በ1982 ዓ.ም. በሕመም ሲያርፉ ዘመድ ሁሉ ወደ ሞጆ እንዲመለሱ መከራቸው። አልተመለሱም። ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ሱቅ ተከራይተው፣ የስፌት መኪናቸውን እዚያ አኑረው ልጆቻቸውን አሳደጉ።

ዛሬ እዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ግን ከስፌታቸው ይልቅ በሳንቲሞቻቸው ነው። ነገሩ የጀመረው በ1984 ዓ.ም. ነበር። ከሶማሊያው ጦርነት ሸሽተው ቀብሪበያ የስደተኞች መጠለያ የገቡ ዐያን የሚባሉ እናት ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጡ። ወይዘሮ እናትአለም የቀሚሱን ጠርዝ ሲፈቱት አሥራ አራት የሶማሊያ ሳንቲሞች በተራ ተሰፍተውበት አገኙና ሰብስበው ዘረጉላቸው። ወይዘሮ ዐያን አልተቀበሉም። በሶማሊኛ እህቴ ሲሉ «ያዢው አባዮ» አሏቸው፤ «መንግሥቱ የለ፣ ባንኩ የለ፤ ለልጅ መጫወቻ ይሁን።» ወይዘሮ እናትአለምም «እንግዲያው የአንቺ ናቸው ብዬ አስቀምጣቸዋለሁ» ብለው ያዙ።

ከዚያ በኋላ አቡጀዲ በገጽ በገጽ እየቆረጡ፣ በላዩ ላይ የላስቲክ ኪስ እየሰፉ ሳንቲም ማኖር ጀመሩ። በየኪሱ ትንሽ ወረቀት አለ፤ ዋጋ አልተጻፈበትም። ማን አመጣው፣ ከየት፣ በምን ቀን፣ ምን ሊገዛበት አስቦ ነበር የሚለው ብቻ ነው የተጻፈው። የጅቡቲ ፍራንክ፣ የጣሊያን ሊሬ፣ የጃንሆይ ዘመን ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ከሙሽራ አንገት የወረደ የተበሳ የማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንጥረኞች ብሩን ሊያቀልጡት በተደጋጋሚ ጠየቁ፤ እምቢ አሉ። «ባሏ የሞተባት ሴት ቆርቆሮ ታቅፋለች» ተብሎም ተወርቷል።

በ1988 ዓ.ም. ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ሳንቲም ለሚሰበስብ ሁሉ ከፈቱ። ሕፃናቱም አዋቂዎቹም አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። የሚኒባስ ሾፌሩ አቶ ጃማ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከነበረችው ከሂንዳ ጋር ሳንቲም ሲለዋወጡ «ሦስት ፍራንክ በአንዲት ሊሬ? ይቺ ልጅ ስታድግ ጅጅጋን ትሸጣለች!» እያሉ ይጮሁ እንደነበር ሰፈሩ አይረሳውም። ሂንዳም «አንተ ደግሞ ሰው ስትጭን ትርፍ አትጭንም?» ትላቸው ነበር።

ተሳስተውም ያውቃሉ። በከተማችን የብር ጌጥ የሚጸዳው በሎሚና በአመድ ነው። እሳቸውም ለእንግዳ እንዲያምሩ ብለው የመጀመሪያዎቹን አርባ ሳንቲሞች እንደዚያው አሽተው አብለጨለጯቸው። በ1991 ዓ.ም. ለዕርዳታ ሥራ የመጣ ሳንቲም ዐዋቂ ባያቸው ጊዜ ራሱን ያዘ፤ የታሸ ሳንቲም መልኩም ዋጋውም ይጠፋል፣ ጣሏቸው አለ። እንግዳው እውነቱን ነበር። ወይዘሮ እናትአለም ጥፋቱን አልደበቁም፤ በገጹ ራስ ላይ በቀይ ክር «በእኔ እጅ የተበላሹ» ብለው ጠለፉበት። መጣሉን ግን አልተቀበሉም።

በ1999 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ያከማቻሉ የሚል ጥቆማ ደረሰና የአንድ ቢሮ ሠራተኞች ገጾቹን ሁሉ ወሰዱ። እንዲህ ያለ ጥቆማ ማጣራት የሠራተኞቹ ሥራ ነው፤ አይወቀሱበትም። ነገር ግን የተሰፋውን ኪስ ቀድደው ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱን ሳንቲም በአንድ ጆንያ ቀላቀሉት። ወይዘሮ እናትአለም አምስት ወር ሙሉ ሰኞ ሰኞ ተመላለሱ። አንድ ቀን የቢሮው ኃላፊ «እትዬ፣ ለዚህ ዝገት ነው እንዲህ የሚደክሙት?» አሏቸው። «ዝገት ከሆነ ለምን ወሰዳችሁት?» ብለው መለሱ፤ ኮሪደሩ በሳቅ ሞላ።

በመጨረሻ ጆንያውን ይውሰዱ ሲባሉ «እንደ አወሳሰዳችሁ መልሱ» ብለው አልረከብም አሉ። ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው፣ ወረቀቱን ከሳንቲሙ እያገናኙ ሦስት ቀን ተቀመጡ። የቅዳሜ ልጆቻቸውም አብረዋቸው ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ጥበቃዎቹ ወንበር አመጡላቸው፤ ኃላፊውም ወርደው አብረው ለቀሙ። ሲጠናቀቅ ወይዘሮ እናትአለም በርክክቡ ወረቀት ላይ «ሰባት ይጎድላል» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ይሰርዙት ቢባሉ አልሰረዙም።

በ2007 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ሲጀምሩ አንድ ነጋዴ ማርትሬዛዎቹን ብቻ መርጦ በጥሩ ዋጋ ሊገዛ መጣ። ወይዘሮ እናትአለም ነጋዴውን አሰናብተው የስፌት መኪናቸውን ሸጡ። ልጃቸው መልአክ «እማዬ፣ ከብረትና ከአንቺ የቱ ይበልጣል?» ብሎ በብርቱ ተቆጣ። ቁጣው የልጅ ቁጣ ነበር፤ ማንም ልጅ ይህን ይል ነበር። እሳቸው «መኪናው የእኔ ነው፤ ሸጥሁት። ሳንቲሙ ግን የሰው አደራ ነው» አሉት።

ሳንቲሞቹ እንዳይሸጡ፣ በወራሽ እንዳይከፋፈሉ፣ ከጅጅጋም እንዳይወጡ በምስክር ፊት አስጽፈው ለሂንዳ አስረክበዋል። ሂንዳ ዛሬ መምህርት ናት። ከቤተሰቡ አንዳንዶቻችን ቅርሱ ለልጆቻቸው ይገባል ብለን ተከራክረን ነበር። ሰምተውናል፤ አልተስማሙም። ሱቁ እስከ አርባቸው ይዘጋ ስንላቸውም «ለእኔ ብላችሁ ቅዳሜ በር ከዘጋችሁ ለቅሷችሁን አልፈልገውም» አሉን።

ወይዘሮ እናትአለም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ ጥር 18 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ፤ ታላቅ እህታቸውም በሕይወት አሉ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ዛሬ ዓርብ በጅጅጋ ይፈጸማል። ሰው ያመጣላቸውን ሁሉ ይዘው ያልጣሉትን እናታችንን አምላክ በእጁ ይያዝልን፤ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥ።

ነገ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ሱቁ ይከፈታል።