አሮጌውን ደጅ ያልዘጉት የአቶ ተሬፋ ገቢሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ተሬፋ ከአባታቸው ከኦቦ ገቢሳ ድንቃ እና ከእናታቸው ከአዴ ወርቅቱ ቶሌራ ጥቅምት 12 ቀን 1959 ዓ.ም. በጉደር ከተማ፣ ዋናው መንገድ ዳር በነበረችው ቤታቸው ተወለዱ። ያቺን ቤት ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን። እሳቸው በተወለዱ በአራተኛው ዓመት ታናሽ ወንድማቸው በድሉ ተከተለ። በድሉ የታላቅ ወንድሙን ጫማ ገና ሳይጠባቸው አድርጎ ይወጣ ስለነበር አቶ ተሬፋ ሁልጊዜ ይቆጡት ነበር። ለአባታቸው ግን አንድም ቀን ከሰውት አያውቁም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጉደር፣ የሁለተኛ ደረጃውን በአምቦ አጠናቅቀው፣ በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃጂ ከተማ ሒሳብ አስተምረዋል። በ1981 ዓ.ም. በድሉ ለውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከየግንባሩ የተበተነው ወታደር ገሚሱ በእግሩ ገሚሱ በጭነት መኪና በጉደር በኩል ወደ አገሩ ሲያልፍ፣ አዴ ወርቅቱ ደጃቸው ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ፊት ያዩ ነበር። በድሉ አልመጣም። መርዶም አልመጣም፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ለእሱ ለቅሶ የተቀመጠ የለም።

አቶ ተሬፋ በ1985 ዓ.ም. ከነርስ ሶረቲ ዲንሳ ጋር በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው ለንሳንና ሚልኬሳን ወልደዋል። በ1990 ዓ.ም. ወደ አምቦ ተዛውረው ሲመጡ፣ አባታቸው በሞት ተለይተዋቸው ስለነበር እናታቸውን አብረው እንዲኖሩ ለመኗቸው። አዴ ወርቅቱ እንቢ አሉ። “ልጄ የሚያውቀው ይሄን ደጅ ነው” አሉ እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጡም። በ1995 ዓ.ም. መንገዱ ሲሰፋ ቤቲቱ ስለፈረሰች ግድ ሆኖባቸው አምቦ ገቡ። ሲመጡም ዝም ብለው አልመጡም፤ ቤቷ ከመንገዱ ወደ ኋላ ገባ ያለ ስለነበር የተረፈላትን ጎረቤታቸውን አዴ ድንቅቱን፣ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ወደ አምቦ እንድትመራው ቃል አስገብተው ነው። በየገበያው ቀን ራሳቸው ወርደው መጣ ወይ ይሉ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሲያርፉ ለአቶ ተሬፋ የተዉላቸው ኑዛዜ ይህ ብቻ ነበር፦ “ያ ተሬፋ፣ ልጄ፣ ቤት ይለወጣል። ደጁ ላይ ግን ሰው ይቀመጥ።”

አቶ ተሬፋ የኮምፒውተር ነገር ልባቸውን ከሰረቀው ቆይቶ ነበርና በ1997 ዓ.ም. ማስተማሩን ትተው አምቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፍተዋል። በ2000 ዓ.ም. ድረ ገጽ መሥራት ሲጀምሩ የመጀመሪያው ሥራቸው ለደንበኛ አልነበረም። የበድሉን የወታደር ፎቶ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ አጭር ጥያቄ፣ ከሥሩም የራሳቸውን ስልክ ቁጥር የያዘ አንድ ገጽ ነበር። አድራሻውን በትንንሽ ወረቀት አትመው ከአምቦ ወደ ነቀምት ለሚመላለሱት ሹፌሮችና ረዳቶች አደሉ። ወረቀቱ ዛሬም በአንዳንድ አሮጌ አውቶቡስ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን፣ የሐሮ ወንጪ ሐይቅ ጀልባ ቀዛፊዎች ማኅበር፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ወዳጃቸው አቶ ዓብዱልሰላምና ሌሎችም ድረ ገጽ አሠሩ። ሁሉም፣ የበድሉም ገጽ ጭምር፣ የተቀመጡት በውጭ አገር ኩባንያ የጋራ ሰርቨር ላይ፣ በአቶ ተሬፋ ስም በተከፈተ አንድ ሒሳብ ውስጥ ነበር። የጋራ ሰርቨር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ሲያስረዱ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ባለ አንድ ቧንቧ ግቢ ነው ይሉ ነበር፤ አንዱ ብርድ ልብስ ሲያጥብ የሌላው እንስራ ባዶ ይቀራል።

በ2002 ዓ.ም. በበድሉ ገጽ በኩል መልእክት መጣ። ከመተማ የጻፈ ሰው ነበር። በ1983 ዓ.ም. ከበድሉ ጋር ወደ ሱዳን ድንበር እንደተጓዙና በሕይወት እንደተለያዩ ገልጾ፣ ጠያይቆ እንደገና እንደሚጽፍ ተናገረ። ስልኩን አልተወም፤ እንደገናም አልጻፈም። አቶ ተሬፋ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ ከምንም ነገር በፊት ያንን ገጽ ያያሉ። ለእናታቸው የጉደሩ ደጅ የነበረው፣ ለእሳቸው ያ አድራሻ ሆነ። ናፍቆታቸውን በአፋቸው የሚናገሩ ሰው አልነበሩም፤ እኛ ቤተሰቦቻቸው ያወቅነው ከዚህ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ግቢው ጠበበ። ገጾቹ ለመከፈት ይንቀራፈፉ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አንከፈትም ይሉ ጀመር። ቀዛፊዎቹ እንግዳ አጣን ብለው አማረሩ፣ አንዳንዱ ደንበኛ ሥራውን ወደ አዲስ አበባ ልውሰድ አለ። አቶ ዓብዱልሰላም የሚያዋጣው ቪፒኤስ መከራየት ነው ብለው ወተወቱ። አቶ ተሬፋም አልካዱም። ቪፒኤስ በሰርቨሩ ውስጥ ለራስ ብቻ ተከልሎ የሚሰጥ ድርሻ ነው፤ የጎረቤት እጥበት አያስቸግርም። በሌላ በኩል ግን ቁልፉም፣ ዘበኝነቱም፣ ጣራ ሲያፈስ መድፈኑም የተከራዩ ነው። እሱን አልፈሩም፤ መሥራት የሚወዱ ሰው ነበሩ። የያዛቸው ሌላ ነገር ነው። የደንበኞቹ አድራሻ የየራሳቸው ስለሆነ ወደሄዱበት ይከተላቸዋል። የበድሉ ገጽ አድራሻ ግን ገና ሲጀምሩ ከኩባንያው በነፃ ያገኙት፣ በኩባንያው ስም ሥር ያለ ነበር። ከዚያ ከወጡ አድራሻው እዚያው ይቀራል። የመተማው ሰው የሚያውቀው እሱን ነው፤ በአውቶቡሱ መስታወት ላይ ያለውም እሱ ነው።

ስለዚህ ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ አሉ። አቶ ዓብዱልሰላም፣ ኦቦ ተሬፋ ልጅ እንደሚድር ሰው ስለ ሰርቨር ይጨነቃሉ እያሉ ቀለዱባቸው። እሳቸውም አብረው ይስቁና ለከርሞ እናስብበታለን ብለው ነገሩን ያሳድሩታል።

ታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. መዘምራኑ ለገና ያዘጋጁትን መዝሙር ድረ ገጻቸው ላይ አኖሩ። ሰዉ ወደደውና ከየአቅጣጫው ተሻምቶ አወረደው። ኩባንያው ከድርሻችሁ በላይ ተጠቀማችሁ ብሎ ሒሳቡን በሙሉ ዘጋው። የቀዛፊዎቹ ገጽ ጠፋ፣ የአቶ ዓብዱልሰላም ጠፋ፣ የበድሉም አብሮ ጠፋ። እስኪከፈት ሦስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት አቶ ተሬፋ እህል በቅጡ አልቀመሱም። ማን መጥቶ አንኳኩቶ እንደተመለሰ ማወቅ አይቻልምና። በሦስተኛው ቀን ለወ/ሮ ሶረቲ እንዲህ አሏቸው፦ “ደጁ እንዳይዘጋ ብዬ ነበር ያልተነሣሁት። ይኸው ተቀምጬ ተዘጋብኝ።”

ውሳኔው የመጣው ከዚህ ነው። በጥር ወር የደንበኞቻቸውን ድረ ገጾች ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ቪፒኤስ አዛወሩ። ቅዳሜ ጠዋት የወንጪ ጀልባዎች ፎቶ እንደ ውኃ ሲከፈት አቶ ዓብዱልሰላም ሱቅ ድረስ መጥተው እጃቸውን ጨበጧቸው፤ አሁን አሮጌውን ሒሳብ ዝጋውና ተገላገል ብለውም መከሩ። አቶ ተሬፋ አልዘጉትም። ሁሉም በወጣበት በዚያ ግቢ ውስጥ የበድሉን ገጽ ብቻውን ትተው፣ ከፎቶው በላይ “ቤት ቀይረናል፤ እዚህም ግን አለን” ብለው ጻፉበት። ለአንድ ፎቶ ሲባል ኪራይ ይከፈላል ወይ ያላቸው ብዙ ነው። ወ/ሮ ሶረቲ፣ ባሌ በስተርጅና ሁለት ቤት ያዘ እያሉ ለጎረቤት ያሟቸው ነበር። የመክፈያው ጊዜ ሲደርስ ግን ቀድመው የሚያስታውሷቸው እሳቸው ነበሩ።

አቶ ተሬፋ ከ2006 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በጉበት ሕመም በአምቦና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሆነውም ልጃቸውን ለንሳን የቪፒኤሱን አያያዝ፣ ቁልፉን፣ መጠባበቂያ ቅጂ አወጣጡን አስተማሯት። ከሁሉ አስቀድማ ግን ጠዋት ጠዋት አሮጌውን ገጽ እንድታይ አደራ አሏት። ሰኔ 19 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ በድሉ ከየትኞቹ ጋር ይጻፍ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት አልፏልና በሞት ከቀደሙት ጋር ቢሆን የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ክፉ አስበውም አይደለም። ወ/ሮ ሶረቲ ግን የባለቤታቸውን ቃል ነገሩን። አቶ ተሬፋ ይህ ክርክር እንደሚመጣ አውቀው፣ “ወንድሜን ካሉት ጋር ጻፉልኝ” ብለው ነበር። እኛም ቃላቸውን አክብረናል።

አቶ ተሬፋ ገቢሳ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሶረቲ ዲንሳን፣ ልጆቻቸውን ለንሳ ተሬፋንና ሚልኬሳ ተሬፋን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን በድሉ ገቢሳን ትተው አልፈዋል።

ሲጠብቁ የኖሩትን አገልጋዩን ጌታ በደጁ ሳያቆም ወደ ዕረፍቱ ያስገባቸው፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

ይህ የሕይወት ታሪክ ከዛሬ ጀምሮ በአሮጌው ገጽ ላይ፣ ከበድሉ ፎቶ ሥር ይገኛል። በድሉ፣ አንብበኸው ከሆነ፣ ወንድምህ እስከ መጨረሻው ጠብቀውሃል። አሁን ደጁ ላይ ለንሳ ተቀምጣለች።