ምድጃዬ ውስጥ የገባው ትራንስፎርመር

ሐምሌ 27 ቀን 1974

ዝናብ። እንጨቱ ርጥብ፣ ሊጡም አልነሣ ብሎ አስቸገረ። አባባ "እርሾው ሰነፈ" ይላል። ሰነፉ እንጨቱ ነው። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ጋግሮ አሁን በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ማዘዝ ነው ሥራው። ባሌን ፈትቼ ከደሴ ከመጣሁ ወዲህ ኑሯችን ይኸው ነው... እሱ ያዛል፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ዳቦው ይበስላል።

አመሻሽ ላይ የከተማው መብራት ጠፋ። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ካለው ሣጥን ያረረ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ መጣ። ማን ምን ጣደበት?

ሐምሌ 29

ሣጥኑ ተከፈተ። የከፈተው ሙሉሃብት ነው፣ የመብራቱ ሠራተኛ። ጄኔሬተሩ አምና ሲመጣ ከኮምቦልቻ ተመድቦ አብሮ የመጣ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በየጠዋቱ ሁለት ዳቦ ገዝቶ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" ብሎ የሚሄድ። እትዬ! በዕድሜ እኮ ይበልጠኛል።

"ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል" አለ። ከታች ከጄኔሬተሩ የሚመጣው ኃይል ለአምፖል አይሆንም አለ፣ ያፈነዳዋል። አለዝቦ የሚያቀብለን ይኸ ሣጥን ነበር። አሁን ሌላ እንዳይመጣ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል። አውሮፕላኑም ክረምት ካልወጣ አያርፍም። ጓድ ባዘዘው ራሱን ይዞ ቆመ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ነው፤ "ከተማችን በመብራት ታሸበርቃለች" ብሎ ለአውራጃው ቃል ገብቷል።

የባሰው ደግሞ ዘይቱ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ዘይት ነበር ለካ! ሽቦው ተነክሮበት የሚቀዘቅዝ። ግማሹ የለም። ሣጥኑ አልተቀደደም፣ አላፈሰሰም። ሰው ቀድቶታል።

ነሐሴ 1

ሙሉሃብት ታሰረ። "የኢኮኖሚ አሻጥር" ተባለ። የሣጥኑ ኃላፊ እሱ ነዋ፣ ሌላ ማን ይታሰር? መንገዱ እንደተከፈተ ወደ ወልድያ ይላካል አሉ። በአሻጥር ተከሶ የተላከ ሰው... አልጽፈውም።

ቀበሌው እስር ቤት ዳቦ ወሰድኩለት። በመስኮቱ ተቀብሎኝ "ስንት ነው?" አለ። ታስሮም ሒሳብ!

"ዝም ብለው ይብሉ።"

"እኔ አልቀዳሁም፣ እትዬ ብርቅዬ።"

አመንኩት። ለምን? እንጃ። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ እትዬ የሚል ሰው ሌባ ይሆናል?

ነሐሴ 3

እማማ ትሁን ዳቦ ሊገዙ መጡ። የጓድ ባዘዘው እናት። ሊጥ ሳቦካ የእጄን አንጓ ስይዝ አዩኝና "ያምሻል እንዴ?" አሉ።

"ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ ነው የሚያድር።"

ከቀሚሳቸው ኪስ ብልቃጥ አወጡ። "እንኪ፣ በዚህ እሺው። ጉልበቴን ይኸው ልጃገረድ አደረገልኝ። አሸተን ማርያም ድረስ ወጥቼ ወረድኩ!"

አሸተትኩት። ያ ሽታ... ሽንኩርቱ ሳያርር በፊት ያለው።

"ከየት አገኙት፣ እማማ?"

"ከዚያ ከሚያጉረመርመው ሣጥን። ከሥሩ እንደ ጠላ በርሜል መዝጊያ አለችው፣ ዞር ስታደርጊያት ቁልቁል ይወርዳል። እንዲያ ሲያጉረመርም የሚውለው ኃይል ቢኖረው አይደል? እኔ ደግሞ ብቻዬን አልበላሁም፣ ላመመው ሁሉ አድያለሁ።"

ምን ልበል? ለልጃቸው ልናገር? እኔም ልታሰር ነው። ዝም ልበል? ያ ሰውዬ ሊላክ ነው። እማማ ትሁን ግን ምንም የደበቁት ነገር የለም... የጠየቃቸው ስለሌለ ነው እንጂ።

"ነገ ስብሰባ አለ። አብረን እንሂድ?" አልኳቸው።

ነሐሴ 4

ሳቄን መጻፍ ብችል!

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እማማ ትሁንን ክንዳቸውን ይዤ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ጓድ ባዘዘው ተነሣ።

"ጓዶች! የተሰረቀው ዘይት ተራ ዘይት አይደለም። የሰፊው ሕዝብ ጉልበት ነው! የሰፊውን ሕዝብ ጉልበት የቀዳ ማነው?"

እማማ ትሁን ብድግ አሉ። "ባዜ፣ የኔን ጉልበት ነው የምትለው?"

"እናቴ፣ ይቀመጡ።"

"ምን እቀመጣለሁ፣ ጠየቅህ መለስኩ! እኔ ነኝ የቀዳሁት። ለጉልበቴ። ለመሪጌታ ገብረመስቀልም ትከሻ ሰጥቻለሁ። ላንተም ወገብህን ሲቆርጥህ ተኝተህ አሽቼሃለሁ፣ አልተሻለህም?"

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሕዝቡ ነጠላውን አፉ ውስጥ ከተተ። ጓድ ባዘዘው ቆመ፣ ቆመ... አንድ እጁ ወገቡ ላይ ነበር። በመጨረሻ "ለጉዳዩ በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷል" ብሎ ተቀመጠ።

ሙሉሃብት ሲፈታ መጀመሪያ የሄደው ወደ እማማ ትሁን ነው። "ሁለተኛ እንዳይነኩት እማማ፣ መርዝ ነው፣ ቆዳ ይበላል።" እሳቸውም "ታስሮ እንኳ ፀባይ አለው" አሉኝ፣ ጮክ ብለው። ምነው ወደኔ ዞረው ተናገሩት?

ነሐሴ 6

ጠዋት ሙሉሃብት መጣ። ሁለት ዳቦ ገዛ። አልሄደም። ምድጃውን ያያል።

"እትዬ ብርቅዬ፣ ለምድጃዎ ላስቸግርዎ።"

"ምን ሊጋግሩ?"

"ትራንስፎርመር።"

አባባ ከበርጩማው ተነሣ። ስንት ጊዜው ነው ሳይደገፍ ሲነሣ! "በዚህ ምድጃ ከዳቦ በቀር ገብቶ አያውቅም!"

ሙሉሃብት አስረዳን። ትራንስፎርመር ፋብሪካ ውስጥም እንዲሁ ነው የሚሠራ አለ። ሽቦው ይጠመጠማል፣ በየድርቡ መሐል ወረቀት ይገባል፣ ከዚያ ሁሉም ትልቅ ምድጃ ገብቶ ይደርቃል። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ጠብታ ውሃ ከቀረ መልሶ ይቃጠላል። አዲስ ሽቦ አንድ ጥቅል መጋዘን አለ። ወረቀቱ የለም። ምድጃውም የለም።

"የቡሄ ሰሞን ነው። ከተማው ዳቦ አይብላ?" አልኩ።

"ዳቦ ከወጣ በኋላ ያለው ሙቀት ይበቃኛል።"

አልፈቅድም አልኩ። ሄደ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሰዓት በኋላ እግሬ ወደዚያ ሣጥን ወሰደኝ።

ነሐሴ 7

ትናንት ያየሁትን ልጻፈው። ሣጥኑ ተራቁቷል። መሐሉ ብረት ነው፣ ግን ድፍን ብረት አይደለም፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ስስ ስስ ሆኖ የተደራረበ። ድፍን ቢሆን ራሱ ብረቱ ይግላል አለ ሙሉሃብት። በብረቱ ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅል። ወፍራሙ ደህና ነው፣ ቀጭኑ ከስሏል።

ጓድ ባዘዘውና መሪጌታ ቆመው ያያሉ።

"እነዚህ ሁለቱ ይነካካሉ?" ጓድ ባዘዘው ነው።

"አይነካኩም። መሐላቸው ወረቀት አለ።"

"ታዲያ ኤሌክትሪኩ በምን ይሻገራል?"

"አይሻገርም። በመጀመሪያው ሽቦ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ያደርገዋል። ያ መለዋወጥ በብረቱ በኩል ይዞርና በሁለተኛው ሽቦ ሌላ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። የሁለተኛው ሽቦ የጥምጥሙ ዙር ትንሽ ስለሆነ ቮልቱም ያንሳል።"

"ሳይነካው?"

"ሳይነካው።"

"ይህ ሃሳባዊነት ነው!" ጓድ ባዘዘው ጮኸ። "በቁስ አካል የምናምን ሰዎች ነን!"

መሪጌታ ሳል ሳል አሉ። "እኔን ምንም አልከበደኝም።"

"መሪጌታ፣ ይህ ሳይንስ ነው!"

"አምኛለሁ አልኩ እኮ፣ ልጄ!"

እኔ ደግሞ የገባኝ የመሰለኝ ማታ ነው፣ ሳይነካ የሚቀሰቅስ ነገር መኖሩ። ወይም አልገባኝም። ግን ምድጃውን ፈቀድኩ።

ነሐሴ 8

ወረቀቱ ተገኘ። የሲሚንቶ ከረጢት! ሙሉሃብት ዳብሶ "ከዚህ የተሻለ አላገኝም" አለ። ከረጢቱ ውስጥ ግን ሲሚንቶ አለ፣ ሲሚንቶው የአብዮት ሐውልት ሊሠራበት የተቀመጠ ነው። ጓድ ባዘዘው ሐውልት ወይስ መብራት ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። በመጨረሻ ሲሚንቶው መጋዘኑ ወለል ላይ ይገልበጥ ተባለ።

ነሐሴ 9

ጥምጠማ። ሙሉሃብት የእንጨት መጠምጠሚያ ሠራ፣ እጀታ ያለው። እኔ እጀታውን አዞራለሁ፣ እሱ ሽቦውን በጣቱ ይመራል፣ ዙር ከዙር ሳይደራረብ። ጎን ለጎን። ቁጥሩ ከተሳሳተ ቮልቱም ይሳሳታል። ስለዚህ መቶ በሞላ ቁጥር አንድ ሽምብራ ሣህን ላይ እጥላለሁ።

እማማ ትሁን ገቡ። "እንዴት ዋላችሁ?" ... ዝም። "ምነው፣ ተጣላችሁ?" ... ዝም። "ሰላምታ ምን አደረገ?" አባባ "ይቆጥራሉ!" ብሎ ጮኸ። እሳቸውን ለመሸኘት ዞር ብለን ስንመለስ የአባባ ዶሮ ሣህኑ ላይ ነበረች።

ባዶ ሣህን።

ጓድ ባዘዘው ሮጦ መጣ። "ትታረድና ሽምብራው ይቆጠር!"

"ፍልሰታ ነው!" አለ አባባ፣ ዶሮውን አቅፎ።

"ለመብላት አይደለም፣ ለመቁጠር ነው!"

ሙሉሃብትን አየሁት። የሚያለቅስ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር። ድምፅ ሳያወጣ፣ ትከሻው ብቻ እየተነቃነቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉን ፈትተን እንደገና ጀመርን።

ነሐሴ 12

ጥቅሉ አለቀ። ቫርኒሽ ተቀባ። ዳቦ አውጥቼ ምድጃው በረድ ሲል ገባ። የምድጃው አፍ ጠቦ አስቸገረ... ሙሉሃብት ጥቅሉን ብቻ፣ ብረቱን ሳይጨምር ለማስገባት ሲል በጎኑ ተንፏቆ ራሱም ሊገባ ምንም አልቀረው። "ራሱንም ይጋግረዋል" አለ አባባ። ደስ ብሎታል፣ አይናገርም እንጂ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ጎረምሶቹ ደጄ ላይ "ሆያ ሆዬ" ጨፈሩ። ምን ልስጣቸው? ምድጃው ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ነው። ቆሎ ሰጠሁ። ቅር ብሏቸው ሄዱ። ሠፈሩ በቫርኒሽ ሸተተ።

አባባ ጥቅሉን እንደ ዳቦ በጣቱ አንኳኳና "በስሏል!" አለ። ሙሉሃብት በመለኪያው አይቶ "ገና ነው፣ አባባ" አለ። አባባ እስከ ማታ አኮረፈ። ምሽት ላይ "ግን ለምን ገና ሆነ?" ብሎ ጠየቀው። ተቀምጠው ሲያወሩ ራት ቀዘቀዘ።

ነሐሴ 17

ትናንት ጾም ተፈታ። ዶሮዋ ግን በአባባ ጥብቅና ተረፈች።

የዛሬው ዳቦ አሁንም ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። "የመብራት ዳቦ" ብለው ሳቁብኝ። ገዙት ግን።

ነሐሴ 28

ጉድ። የሐውልቱ ሲሚንቶ የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶበት እንደ ተቆለለ ደረቀ። ድንጋይ ሆኗል። በመዶሻም አይነቃነቅም።

ጳጉሜ 3

ዘይት። መጋዘን የነበረው መጠባበቂያ አልበቃም። እማማ ትሁን ቤት ለቤት ዞረው ያደሉትን ለቀሙ። ሙሉሃብት እያንዳንዱን ብልቃጥ ያሸታል። ሁለቱ የኑግ ዘይት ሆኑ... የማን እንደሆኑ ማንም አላመነም። የቀረውን በትልቁ ብረት ድስቴ አሞቀው፣ ውሃው እንዲወጣ። ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ይጥላል፤ ጠሽ ካለ ውሃ አለው። ጠሽ... ጠሽ... በመጨረሻ ዝም አለ።

ድስቱን ሁለተኛ ለምግብ እንዳላውለው አስማለኝ። ደህና ድስት ነበር!

መስከረም 2 ቀን 1975

ጓድ ባዘዘው ንግግሩን ጀመረ። ሙሉሃብት ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ፣ ሣጥኑ አጠገብ ማብሪያውን ይዞ ቆሟል። አጠገቡ ነበርኩ። ካልበራ ወዴት እንደሚወስዱት ሁለታችንም እናውቃለን።

ገፋው።

መጀመሪያ ማጉረምረሙ መጣ። ከዚያ አዳራሹ ጮኸ፣ እልልታ፣ ጭብጨባ። እኔ መብራቱን አላየሁም። እሱን ነው ያየሁት፤ ግንባሩን ሣጥኑ ላይ አስደግፎ ያዳምጣል።

"ይሰማሻል፣ ብርቅዬ?"

ይሰማሻል። ብርቅዬ። እትዬ የለም።

"ይሰማኛል" አልኩ። አንተ ልበል እርስዎ ግራ ገብቶኝ ሌላ አልጨመርኩም።

ያ የደረቀ ሲሚንቶ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ለብሶ "ሐውልት" ተብሎ ተመረቀ። ምን ይመስላል ቢባል... የተቀመጠ ላም ይመስላል። ሁሉም አጨበጨበ።

መስከረም 6

ሙሉሃብት ዛሬ አራት ዳቦ ገዛ። ለማን ነው?

መስከረም 8

አራት። ሁለቱን እዚሁ ቆሞ በላ። አባባ በርጩማውን ለቀቀለት።

መስከረም 20

ሽማግሌ መጣ። በዝናብ፣ በጭቃ። መሪጌታ ገብረመስቀልና... ጓድ ባዘዘው! ካኪ ጃኬቱን ትቶ ነጭ ጋቢ ለብሶ። ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። የደሴው ሰው ሽማግሌ በላከ ጊዜ እንኳ ልቤ እንዲህ መትቶ አያውቅም። ሁለተኛ አላገባም ብዬ አልነበር? ብያለሁ። ለማን? ለራሴ። ራሴም አሁን መጋረጃ ላይ ተለጥፋለች።

መሪጌታ ጀመሩ፣ በወጉ። አባባም በወጉ ጠየቀ። "የልጁን ፀባይ የሚያውቅ አለ?"

"እኔ አውቃለሁ" አለ ጓድ ባዘዘው። "አስሬዋለሁ። እንዲህ ያለ ጨዋ እስረኛ አይቼ አላውቅም።"

አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊል የሚችለውን አውቃለሁ። እንመካከራለን፣ ሄዳችሁ ተመለሱ... ደግሞ ሄዳችሁ ተመለሱ። ወጉ ነው። እስከዚያ መንገዱ ይከፈታል፣ ኮምቦልቻም ይጠራዋል።

"አባባ!" አልኩ ከጓዳ። ድምፄ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። "ምን ያመላልሳቸዋል? ጭቃ ነው!"

መሪጌታ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አባባ ሲስቅ በርጩማው ተንቋቋ።

ጓድ ባዘዘው ብድግ ብሎ ጋቢውን አስተካከለ። "ይህ በሙሉ ድምፅ አልፏል። ቃለ ጉባኤ ይያዝ!"

ይኸው ያዝኩ።