ውሃው በእንሰትሽ መካከል ሄደ

ታዱዬ፣

አፈር ከለበስሽ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ባለፈው ክረምት ልጽፍልሽ ተቀምጬ፣ ከንዴት በቀር የሚወጣኝ ነገር ስላልነበረ ተውኩት። ዘንድሮም ንዴቱ አልበረደም። ግን ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር ደርሷል። ስለ እንሰትሽ ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ምሕረት ቤቱን እንደ አንቺ ይዛዋለች፤ ቁጣዋም ያንቺው ነው። ደሳለኝ በቁመት በለጠኝ። ሌላ አባት ልጁ ሲመዘዝ ደስ ይለዋል፤ እኔ እፈራለሁ። ለብሔራዊ ውትድርና የሚመለምሉት ቁመት እያዩ ነው፤ መልማዩም የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። እኔ አሁንም ሆሳዕና አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አካፋ አነሣለሁ።

የድሮው ቤታችን ጉብታው ራስ ላይ ነበር፤ እንሰቱ ከቤቱ በታች። ከበረቱ የሚጠረገው እበት በራሱ ጊዜ ቁልቁል እየወረደ እንሰቱን ያደልበው ነበር። የዝናቡም ውሃ አያቶቻችን ባበጁለት መውረጃ፣ የማንንም ጓሮ ሳይነካ ወንዝ ይገባ ነበር። በመንደር ምሥረታው በግድ የሰፈርንበት አዲሱ መንደር ግን የተቀየሰው በገመድ ነው። ቀያሾቹ ገመዱን ተዳፋቱን ተከትለው ከላይ ወደ ታች ወጠሩት፤ ከዶዮገና መንገድ በመኪና ለሚያልፍ ባለሥልጣን ረድፉ ቀጥ ብሎ እንዲታይ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፤ ጎርፍን እንዲህ አድርጎ በክብር የጋበዘ ሰው በመጽሐፍም አላየሁ።

ከመዛወራችን በፊት በተጠራው ስብሰባ ላይ እኔ ስለ አፈር መሸርሸር ረጅም ንግግር ሳደርግ ካድሬው ያዛጋ ነበር። አንቺ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብለሽ፣ «ይህ ሁሉ ውሃ የት ሊሄድ ነው?» አልሽው።

«አይዞሽ እናቴ፣ ውሃውም ተደራጅቶ በሰልፍ ይሄዳል» አለሽ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እንግዲያው ሰልፉ በአንተ ቤት በኩል ይለፍ» ብለሽ ተቀመጥሽ። ሲስቅ የነበረው በሙሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

የቤታችንን ጣራ ነቅለው ጎረቤቶች በትከሻቸው ይዘውት ሲወርዱ፣ አንቺ የእንሰት ችግኞችሽን በጀርባሽ አዝለሽ ከኋላ ትከተያቸው ነበር። ግድግዳው ሳይመረግ አንቺ ተክለሽ ጨርሰሻል። «የእኛ ላም የታችኛውን ጎረቤት እንሰት ትቀልባለች፣ የእኛን ደግሞ የላይኛው ጎረቤት ላም ትቀልብልናለች፤ ሶሻሊዝም ማለት ይኸው ነው» ብለሽ ያሳቅሽን ያን ሰሞን ነው። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ምርጉ ሳይደርቅ መንገዱ ወንዝ ሆነ፤ ውሃው በግድግዳው ሥር እየገባ መደቡን አረጠበው። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ። እኔ ለበሽታው ሌላ ስም አለኝ።

ዘንድሮ በበጋው ከልጆቹ ጋር ከጓሯችን ራስ ላይ ተዳፋቱን አቋርጦ የሚሄድ ቦይ ቆፈርን። ልኩን የያዝኩት ራሴ ነኝ፤ ግማሹ ውሃ በተሞላ ጠርሙስና በገመድ። ልኩ ትንሽ ሲዛነፍ አስፈርሼ እንደገና አስቆፈርኳቸው። «አባዬ፣ ባቡር ሊያልፍበት ነው እንዴ?» እያለ ደሳለኝ ሲያላግጥ ምሕረት በሳቅ ትፈርስ ነበር። ከቦዩ በታች ድንጋይ ደርድረን የዝሆን ሳር ተከልንበት። ውሃው ግን መውጫ ያስፈልገዋል፤ መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ወዳለው ሸለቆ መግባት አለበት። መንገዱን ቆርጠን በላዩ ግንድ ደለደልንበት። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው በቦያችን ዞሮ፣ ከግንዱ ሥር አልፎ ሸለቆው ገባ። እንሰትሽን ጠብታ አልነካውም። ምሕረት ዝናብ ውስጥ ቆማ እልል አለች። ከቀብርሽ ወዲህ በዚህ ቤት እልልታ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መንደሩን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የተቆረጠ መንገድ ለእንግዳ ማሳየት ነውር ነው ተባለ። ሊቀመንበሩ ሰዎች ይዞ መጥቶ ግንዱን አነሣ፤ መውጫውን በድንጋይና በአፈር ጠቀጠቀው።

«መምህር፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ብቻ ነው» አለኝ።

«ለዝናቡስ ነግረኸዋል?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ እንደ ሚስትህ ሆንክ» አለኝ። ከዚያ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ምስጋና ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዝናቡ እንግዶቹን ቀደማቸው። ከቀትር በኋላ ነው፤ ቦዩ መውጫ አጥቶ እስከ አፉ ሞላ። የተደፈነው ጫፍ ሥር የእማማ አስቴር ጎጆ አለች፤ በታመምሽ ጊዜ ከአጠገብሽ ያልጠፉት እሳቸው ናቸው። ውሃው በዚያ በኩል ጥሶ ቢሄድ ጎጆዋን ከነሰዎቿ ይወስዳታል። መንገዱን መልሰን ልንቆርጥ ሮጥን። ጠቅጥቀውት ስለነበር አካፋው አልገባ አለ። የቀረው ቦዩን መሃሉ ላይ መስበር ብቻ ነበር። ከመሃሉ በታች ያለው ደግሞ ያንቺ እንሰት ነው።

ምሕረት እጄን ያዘችኝ። «አባዬ፣ የእማዬን አይሆንም!» አለች። እጄን አስለቅቄ ሰበርኩት።

ውሃው በእንሰትሽ መካከል ሄደ። በጀርባሽ አዝለሽ ያመጣሻቸው፣ ገና ግንዳቸው መወፈር የጀመረው፣ ሥራቸው ተገልጦ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋደሙ። የታችኛው ረድፍ ከነአፈሩ የለም። የእማማ አስቴር ጎጆ ቆማለች። በማግስቱ መጥተው ከወደቀው እንሰት አጠገብ ተቀመጡና እንደ ሰው አለቀሱለት። ከላይ በኩል የተረፉትን ነቅለን ከደጃፋችን ፊት ለፊት ተክለናቸዋል። የመንደሩ ደንብ የቤት ፊት ክፍት ይሁን፣ ረድፉ ይታይ ይላል። ይበል።

እንግዶቹም መጡ። ከመኪና አልወረዱም። በመስኮት አይተው ረድፉን አደነቁ አሉ።

ትናንት ሊቀመንበሩ ሊያጽናናኝ መጣ። «ታደለች ታጋሽ ሴት ነበረች፤ አንተም ታገስ» አለኝ። በቀብርሽም ላይ ሰዎች ይህንኑ ብለውኝ ነበር፤ ያኔ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ትናንት ግን ከቤቴ ውጣ አልኩት። የሚመለምለው እርሱ መሆኑን ረስቼ አይደለም፤ ደሳለኝ ከጓዳው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከአፌ ወጣ፤ አልመልሰውም።

ታጋሽ አልነበርሽም፣ ታዱዬ። እኔ ስዘገይ ትቆጪ ነበር፤ ጸሎት ሲረዝም ትቆጪ ነበር። በመጨረሻው ሳምንትሽ እንኳ እርጥቡን ግድግዳ በጥፍርሽ እየጫርሽ ያሠራውን ስትራገሚ ሰምቻለሁ። ልጆቹ ይህን ሳነሣ አይወዱም፤ በሰላም አረፈች ማለት ይቀላቸዋል። እኔ ግን እንደነበርሽው አስታውስሻለሁ። የልጅ ልጆች ከመጡም፣ አያታችሁ ተቆጥታ ሞተች፣ መቆጣቷም ልክ ነበር ብዬ እነግራቸዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ማንም አለዝቦ እንዲያወራሽ አልፈቅድም።

ባልሽ